ፊት አይቶ የሚቆረጥ ቁጥር

ሰውየው በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ገቢ ደብዳቤ ላይ ቁጥር ሲጽፍ አሥራ ስድስት ዓመት ኖሯል። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ሰው እንኳ ፈርቶት አያውቅም፤ ተላላኪዋ ሳትቀር ደብዳቤውን የምትወረውርለት «እንካ አንተ» እያለች ነው። ቤት ውስጥም አዛዧ ሚስቱ ናት። ሰው የሚፈራው ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነበር፤ በምግብ ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጦ ሦስት ተጫዋቾችን ሲዳኝ።

ጨዋታው ታሪክ እየፈጠሩ በአፍ የሚጫወቱት ነው። ዳኛው «ከፊታችሁ ገደል አለ» ይላል፤ ተጫዋቹ «እዘለዋለሁ» ይላል። ነገሩ የሚያስቸግር ከሆነ ዳኛው እንደ ክብደቱ ቁጥር ይቆርጥለታል። ተጫዋቹ ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር የተጻፈበትን ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይወረውራል፤ ቁጥሩን ከደረሰበት ወይም ካለፈው ዘለለ፣ ካነሰ ወደቀ። የዳኝነቱ ሙያ ያቺን ቁጥር በልኳ መቁረጥ ነው። ሰውየው በዳኘበት ስምንት ዓመት ውስጥ ይህን ሙያ አልተማረም፤ አላስፈለገውማ። የታጠፈ ካርቶን ከፊቱ ያቆማል፤ ቁጥሩን ሳይናገር ያስወረውራል፤ ከዚያ ከካርቶኑ ጀርባ የተጻፈ ነገር እንዳነበበ ሁሉ አንገቱን ደፋ አድርጎ ይፈርዳል። አንዱ ተጫዋች፣ ሊፍት ጠጋኙ፣ አሥራ ሰባት አውጥቶ ይወድቃል፤ ባለፈው ቅዳሜ ተሟግቶታልና። ሌላው፣ የራሱ አለቃ የሆነው የመሥሪያ ቤቱ ክፍል ኃላፊ፣ ስድስት አውጥቶ ግንብ ይዘላል።

«ምን ዓይነት ግንብ ነው ባካችሁ» ይላል ሊፍት ጠጋኙ፣ «ለአለቃ የሚያጎነብስ።»

ጉዱን ያወጣችው ሦስተኛዋ ተጫዋች፣ ታናሽ እህቱ ነርሷ ናት። አንድ ቅዳሜ ውሃ ልትቀዳ ስታልፍ ከካርቶኑ ጀርባ አየች። ያለው እስከ ግማሹ የተሞላ የጋዜጣ እንቆቅልሽ ነው።

«ጋሼ፣ ቁጥሩ የታለ?»

«የቱ ቁጥር?»

«የምትፈርድብን ነዋ!»

«ጭንቅላቴ ውስጥ ነው።»

«እንግዲያው ሳንወረውር በፊት በአፍህ አውጣው።»

ሰውየው ያድነኝ ብሎ ወደ ኃላፊው ዞረ። ኃላፊው ግን በገዛ ችሎታው ሲያሸንፍ የከረመ ይመስለው ነበርና «ልክ ናት፤ ቀድሞ ይነገር» አለ።

ሊፍት ጠጋኙ የዛገ በር በትከሻው እንደሚገፋ ተናገረ። ሰውየውን ላብ አጠመቀው። የዛገ በር ከባድ ነው ወይስ ቀላል? ከዚያች ቀን በፊት ይህን ራሱን ጠይቆ አያውቅም።

«አሥራ ዘጠኝ።»

ነርሷ የተኛውን ዘበኛ በጣቷ ቆማ ልታልፍ ፈለገች።

«እ… አሥራ ዘጠኝ።»

«የተኛ ሰው እኮ ነው ጋሼ!»

«እንቅልፉ ቀላል ነው።»

«የበሩስ እንቅልፍ እንዴት ነበር?» አለ ሊፍት ጠጋኙ።

የኃላፊው ተራ ደረሰ። ሰውየው ራሱ «ፈረስ የማይዘለው» ያለውን ገደል ኃላፊው እዘለዋለሁ አለ።

«ለእርስዎ… ሦስት።»

ኃላፊው ወረወረ፤ ሁለት ወጣ።

«ሁለትና ሦስት ጎረቤት ናቸው» አለ ሰውየው ተሽቀዳድሞ፣ «ጫፉን ይዘዋል ጌታዬ።»

የኃላፊው ፊት ጠቆረ። «እስከዛሬም እንዲህ ነው ስታዘልለኝ የኖርከው?»

ሰውየው ዳይሱን አንስቶ በሸሚዙ ጫፍ መወልወል ጀመረ።

«ወድቄያለሁ» አለ ኃላፊው። «ልጅቷ ትዳኝ።»

ነርሷ ወንድሟን ወንበሩን አላስለቀቀችውም፤ ካለችበት ሆና ፈረደች። «በሩ ዛገ እንጂ አልተቆለፈም፤ አሥር ይበቃዋል። ዘበኛው ሰባት፤ ጫማዬን ካወለቅሁ አምስት። ገደሉ አሥራ ስምንት፤ ገመድ ላለው አሥራ ሦስት።» ልጅ እንኳ ሊያወጣው የሚችል ሒሳብ ነበር። «አንተም ተጫወት ጋሼ፤ በታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው ሁን።»

«በገዛ ቤቴ? እኔ ወርዋሪ ልሁን?»

ማንም አልተቆጣውም፤ ያንገበገበውም ይኸው ነው። ዳይሳቸውን ሰብስበው፣ ቀጣዩ ቅዳሜ ከነርሷ ቤት እንዲሆን ተቃጥረው፣ ደህና ዋል ብለውት ወጡ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ሰውየው ሸሚዝ ለውጦ በጠረጴዛው ራስ ተቀመጠ። ሚስቱ የታጠበ ልብስ በቅርጫት ይዛ ገባች።

«ማንን ነው የምትጠብቀው?»

«ይመጣሉ።»

«እህትህ ደውላ ነበር። ወንበር ይዘንለታል፣ ይምጣ ብላለች።»

«መጥተው ይለምኑኝ። ያለ እኔ የት ይደርሳሉ!»

«እሺ፤ እስኪለምኑህ ክርንህን አንሳልኝ፣ አንሶላ ላጥፍበት።»

አነሳላት።