አሥራ አራት ደቂቃ

ልጄ ከአልጋዬ ሥር ትልቁን ሻንጣ ስትጎትት ኮዳው አብሮ ተንከባሎ ወጣ። ሆዱ የተጨፈለቀ፣ ክዳኑ በሰንሰለት የተንጠለጠለ የወታደር ኮዳ ነው። አንስቼ ክዳኑን ፈታሁና አሸተትኩት። ስድሳ ዓመት ሊሆነው ምንም አልቀረውም፤ ሽታው ግን ያው ነው፤ የቆርቆሮና የሞቀ ውሃ።

"አባዬ፣ ይሄን አሮጌ ነገር ልጣለው?"

"እንዳትነኪው!" ብዬ ጮህኩባት። ምን ጥፋት አለባት? ምንም አታውቅም።

እንግዲህ ስማኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አብነት ሰፈር ጎማ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አጣፍጬ መጻፍ አላውቅም። የሆነውን ግን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቤታችን ውስጥ ጭንቅ ነበር። ሙኒክ ያለችው ትልቋ ልጄ ስንት ዓመት ልጅ ለማግኘት ስትሳል ከርማ ሴት ልጅ ወልዳለች። ሴት ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ሰማንያ ቀኗ የሚውለው በሦስት ሳምንቱ እሁድ ነው። የክርስትና እናቷ እንድትሆን የተመረጠችው ደግሞ እህቴ ናት። እህቴ አግብታም ልጅ አልወለደችም። ወሬውን የሰማች ቀን ስልኩን እንደያዘች ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እንግዲህ እሷን ለእሁድ ንጋት ሙኒክ ማድረስ ነው ነገሩ።

የመጨረሻዋ ልጄ ላፕቶፗን ከፍታ መንገዱን ስታወጣ ስታወርድ ሳምንት ሆኗታል። ሙኒክ የሚያደርሰው አውሮፕላን ለሦስት ሰው የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ እንዲህ አደረገችው። ዓርብ ማታ በርካሹ አውሮፕላን ወደ ሮም እንሳፈራለን። ቅዳሜ ንጋት ሮም ያለው ወንድሟ ተቀብሎን፣ ቁርስ አብልቶን፣ ወደ ሥራው ሳይሄድ ባቡር ላይ ያወጣናል። ባቡሩ ቦሎኛ የሚባል ከተማ ያወርደናል። እዚያ ሌላ ባቡር ይዘን፣ ኦስትሪያን አቋርጠን፣ ማታ ሙኒክ እንገባለን። ስንመለስ ደግሞ በባቡር እስከ ቪየና፣ ከቪየና በአውሮፕላን ወደ ቤት። ከዚያ ሲሆን ይረክሳል አለች። ሆቴል የለም፣ ስንቃችንን እንይዛለን።

"ባቡር ደግሞ ሻንጣ አይመዝንም፣ እትዬ" አለቻት እህቴን፤ "እኔ እሸከምልሻለሁ።"

ብልህ ልጅ ናት። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር።

"ቦሎኛ ላይ ስንት ሰዓት እንቆያለን?" አልኳት።

"አሥራ አራት ደቂቃ።"

"አይሆንም።"

"አባዬ፣ እኮ..."

"አይሆንም አልኩሽ። እኔም አልሄድም፣ እሷም አትሄድም።"

ልጄ እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሳች። "ቀጥሎ ያለው ባቡር የሚያደርሰን እሁድ ረፋድ ላይ ነው። ክርስትናው በንጋት ነው፤ ያልቃል። ቪዛችን ከዓርብ በፊት አያስገባንም። ትኬቱን የያዙልን እስከ አሥር ሰዓት ብቻ ነው። አሁን ስምንት ተኩል ሆኗል። አንዴ ቁረጪ በለኝ።"

እህቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ቀና አላለችም። ከኮንዶሚኒየሙ በታች ቀላል ባቡሩ ሐዲዱን እያስፏጨ አለፈ። በቀን ስንት ጊዜ እሰማዋለሁ፣ ግድም አይሰጠኝ። ያን ቀን ግን ኮዳው እጄ ላይ ነበር።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ድሬዳዋ በባቡር ጥገና ቤት አናጢ ነው፤ እናቴ፣ እኔና እህቴ እዚሁ ልደታ ነን። አንድ ቀን ቴሌግራም መጣና ጎረቤት አነበበልን። አባታቸው ታሟል፣ ልጆቹን ይዘሽ ነይ ይላል። እናቴም ያኔ እንደ ልጄ መንገዱን አወጣች አወረደች። ሦስተኛ ማዕረግ፤ ለእሷ ሙሉ ትኬት፣ ለእኔ ግማሽ፣ እህቴ ገና አምስት ዓመቷ ስለነበር ጭን ላይ በነፃ። ስንቃችን ድፎ ዳቦ፣ ውሃችን በዚህ ኮዳ።

ጠዋት ከለገሃር ተነሳን። የእንጨቱ ወንበር ቂጥ ይቆርጣል። ፉርጎው ውስጥ የናፍጣ፣ የላብና የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ነበር። እህቴ ቀይ ቀሚሷን ለብሳለች። የአባቴ ዓይን ነበረች፤ ለፈቃድ በመጣ ቁጥር እሷን ትከሻው ላይ ሳያወጣ ቤት አይገባም ነበር። መንገዱን ሙሉ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው። "አባባ ትከሻው ላይ ያወጣኛል? ታሞም ቢሆን ያወጣኛል?"

"ያወጣሻል" ትላታለች እናቴ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

አዋሽ ስንደርስ ብርሃኑ ነጭ ነበር፤ ዓይን አያስገልጥም። ሙቀቱ ከመሬት ወደ ላይ ይመጣል። እናቴ ቦታችንን እንዳይወስዱብን አልተነሳችም። ኮዳውን ሰጠችኝ። "ውሃ ቅዳ። እሷንም ሽንት አሸናት። እጇን እንዳትለቅ። ሰምተኸኛል? እጇን እንዳትለቅ!"

አልለቀቅኩም። ውሃውን ስቀዳ እንኳን በአንድ እጄ ነበር። መዳፏ በላብ ይሙለጨለጭብኝ ስለነበር ጠበቅ አድርጌ ያዝኳት።

"አንተ የአናጢው ልጅ!" የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ።

ዘወር ስል የዕድራችን ዳኛ ናቸው። ከድሬዳዋ ሲመለሱ ኖሯል፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን ባቡር ይጠብቃሉ። ልደታ ውስጥ እሳቸው ሲያልፉ ተቀምጦ የሚቀር ሰው የለም። ትልቅ ሰው ደግሞ በአንድ እጅ ሰላም አይባልም። ቀኝህን ዘርግተህ፣ በግራህ ክንድህን ደግፈህ፣ ጎንበስ ብለህ ነው። እንደዚያ ነው ያሳደጉን። ኮዳውን ለእህቴ አስያዝኳት። እጇን ለቀቅኩ። ጎንበስ አልኩ።

"እናትህ ደህና ናት?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"አባትህስ?"

"ታሟል።"

"እግዚአብሔር ይማረው። ምኑን ነው ያመመው? ጎረቤቱስ ደህና? ቤቱ ዘንድሮ አላፈሰሰም? አንተስ ደህና?"

ሁለቱ እጆቼ በእጆቻቸው መሐል ናቸው። ባቡሩ ጮኸ። የትልቅ ሰው ሰላምታ ደግሞ አይቆረጥም፤ እሳቸው እስኪጨርሱ ነው የምትቆመው። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ፣ ጆሮዬ ባቡሩ ላይ ነው። ሁለተኛ ጮኸ። ጉንጬን እያገላበጡ ሳሙኝና "በል ሩጥ!" አሉኝ።

ዘወር ስል የለችም።

ከሰዉ መሐል ቀይ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ወደ ፉርጎአችን ስትወጣ አየሁ። ቀድማኝ ሄደች አልኩ። ሮጬ ባቡሩ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ተንጠለጠልኩ።

"እህትህስ?" አለች እናቴ።

ባለ ቀይ ቀሚሷ የሌላ ሰው ልጅ ነበረች።

እናቴ ወደ በሩ ስትሮጥ ሰዎች ወገቧን ይዘው አስቀሯት። ነጠላዋ እጃቸው ላይ ተቀደደ። ባቡሩ አልቆመም። በሚቀጥለው ጣቢያ ስልክ ተደወለ። ልጅቱ ከውሃ መቅጃው ማዶ ጥላ ሥር ተቀምጣ ተገኝታለች፣ ዳኛው በራሳቸው ባቡር ሳይሳፈሩ አብረዋት ቀርተዋል፣ ተባልን። ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ግን የሚመጣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

አባቴ አልጋው ላይ ቀልጦ አልቆ ነበር። ገና እንዳየን "ትንሿስ?" አለ።

እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ነኝ የመለስኩት። "ውጭ እየተጫወተች ነው።"

"ጥራልኝ።"

ወጣሁ። ከቤቱ ጀርባ ግድግዳውን ተደግፌ ትንሽ ቆየሁና ተመለስኩ። "ትመጣለች" አልኩት። በማግስቱም ጠየቀኝ፤ ያንኑ አልኩት። ከዚያ መጠየቁን ተወና በሩን ማየት ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አረፈ። ዓይኑን የከደኑት ሰዎች ፊቱን ከበሩ አዙረው ነው።

ከቀብር ስንመለስ ዳኛው እጇን ይዘው ግቢው ውስጥ ቆመው አገኘናቸው። ኮዳውን ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። ውሃው እንደሞላ ነው።

"ለእማዬ ነው፤ አልጠጣሁትም" አለች። ቀጥላም፦ "አባባስ?"

ከዚያ ወዲህ እኔና እሷ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላወራንም። አብረን ነው ያረጀነው፣ በአንድ ጣሪያ ሥር። አንድም ቀን።

"አባዬ፣ ዘጠኝ ተኩል ሆነ" አለች ልጄ። "እሺ ምክንያቱን እንኳን ንገረኝ። አንተ እንቢ ካልክ እትዬ ብቻዋን አትሄድም፤ ታውቃለህ።"

ኮዳውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

እህቴ የምስሩን ትሪ ከጭኗ አወረደች። ጉልበቷ ስለሚያማት ቀስ ብላ ነው የምትነሳው። መጥታ ኮዳውን አነሳችና ጆሮዋ አጠገብ ነቀነቀችው፣ ውሃ ያለበት ይመስል።

"ጋሼ፣ በእኔ የተነሳ ነው?"

"ስለ አንቺ ጠይቆኝ ነበር" አልኳት። "አባባ። ጥራልኝ ብሎኝ ነበር። ውጭ ትጫወታለች አልኩት።"

"አውቃለሁ። እማዬ ነግራኛለች።"

"መቼ?"

"ያገባሁ ዓመት።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?"

"አንተ እስክታነሳው ነዋ።" ኮዳውን መልሳ አስቀመጠችው። "ትከሻው ላይ ሳልወጣ ቀረሁ፤ እሱ አለቀ። ይቺን ልጅ ግን ልታቀፋት እፈልጋለሁ። አሥራ አራት ደቂቃ እጄን መያዝ ያቅትሃል?"

"ሰው ሰላም ቢለኝስ?"

"ቦሎኛ ላይ ማን ያውቅሃል፣ አባዬ!" አለች ልጄ፣ እያለቀሰች።

"አዋሽ ላይስ ማን ያውቀኝ ነበር?"

እህቴ ሳቀች። ጥርስ የላትም፣ ግን ሳቋ ያው የልጅነቷ ነው። "በአንድ እጅህ ሰላም በላ።"

"ነውር ነው።"

"ነውር ይሁን።"

ለአሥር ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው "ቁረጪው" አልኩ።

እህቴ ኮዳውን እይዛለሁ ብላለች። አውሮፕላን ላይ ውሃ አያስገቡም ብትላት ልጄ፣ "ባዶውን እይዘዋለሁ፣ ቦሎኛ እሞላዋለሁ" አለች። ቦሎኛማ አትሞዪም ብዬ ተቆጣሁ። በዚህ እስካሁን እንነታረካለን።

የመንገዱ ቀን ገና ሳይደርስ፣ ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ደረጃው በሰው ተጨናንቆ ነበርና የእህቴን እጅ ያዝኩ። የአሁኑ የዕድራችን ዳኛ፣ እኔን በብዙ ዓመት የሚበልጡ ሰው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ወደ እኔ መጡ። ጎንበስ አልኩና ቀኜን ብቻ ሰጠኋቸው። ግራዬን በዓይናቸው ፈለጉት።

"ምነው፣ ክንድህን አመመህ?"

"ኧረ አላመመኝም" አልኩ።

ቅር አላቸው፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። ቢሆንም ሰላምታውን አላስቀሩም። ልጆቹስ? ጤናስ? ጉልበትህስ? እያሉ ብዙ አቆሙኝ። ያኔ በላብ የተሙለጨለጨብኝ መዳፍ አሁን ደርቋል፣ አጥንቱ ይቆጠራል። እሳቸው ጨርሰው እስኪሄዱ ድረስ አልለቀቅኩትም።