እልፍነሽ የካውቦዩን ፊልም ስትመዝን

ፈላና በር አካባቢ ልጅ ያሳደገ ሁሉ እልፍነሽን ያውቃታል። የማያውቃት ካለ ልጁ ቪዲዮ ቤት የማይሄድበት ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ወላጅ ደግሞ ሐረር ውስጥ እስካሁን አልተገኘም። በሌላው ቀን ቪዲዮ ቤቷ ኳስ ይታይበታል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን የጎረምሶችና የኮረዶች ነው፤ ፊልም ታሳያቸዋለች። ፊልሙን ደግሞ ዓርብ ጠዋት በሯን ዘግታ ብቻዋን እስከ መጨረሻው ሳታየው ሞታ ነው ለልጆቹ የምታሳየው! እናቶች የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እልፍነሽ አይታዋለች?» አይታዋለች ከተባለ አለቀ።

አመዛዘኗ የራሷ ነው። ጠመንጃ አያስደነግጣትም፤ የወታደር ልጅ፣ የወታደርም ሚስት ናት። አባቷ ከጎጃም ተመድበው መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ እሷም «አቦ» ሳትል ወሬ የማትጀምር የሐረር ልጅ ሆና አደገች። ስድብም ቢሆን ብዙ አያስቆጣትም፤ «ከዚህ የባሰውን ኤረር በር ላይ በነጻ ይሰሙት የለ!» ትላለች። እሷ የምታየው ሌላ ነው። ፊልሙ ውስጥ ሰው ሲሞት የሚያለቅስለት አለ ወይ? የሚቀብረው አለ ወይ? ሰው ወድቆ ዞር ብሎ የሚያየው ከሌለ ፍላሹን ነቅላ ላመጣው ትመልሳለች። «ለቅሶ መድረስ የሚያውቁ ልጆች ናቸው፤ እኔ ቤት መጥተው እንዲረሱት አልፈልግም» ነው መልሷ። በዚህ ፍርዷ ተጸጽታ አታውቅም።

የሰሚራ ልጅ ሐሰን የካውቦይ ፊልም ይዞላት የመጣ ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ሰሚራ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የምትሸጥ አብሮ አደግ ጎረቤቷ ናት። ፊልሙ በአማርኛ የተተረጎመ ነው፤ ተርጓሚው ከተዋናዮቹ በላይ ይጮሃል። መጀመሪያ ላይ ሽፍቶች አንድ ገበሬ በሴት ልጁ ፊት ተኩሰው ይጥላሉ። ልጅቱ አባቷን በገዛ እጇ ቆፍራ፣ እያለቀሰች ትቀብረዋለች። ከዚያ ፈረስ ላይ ወጥታ ገዳዮቹን እያሳደደች ትበቀላለች። በእልፍነሽ ሚዛን ቢሆን ያለ ጥያቄ የሚያልፍ ፊልም ነበር።

ችግሩ ሊድያ ናት። የእልፍነሽ ልጅ፣ አሥራ አምስት ዓመቷ፣ ሁሌም ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠው። አባቷ ለገሠ ግንባር ሄዶ ቀረ። አስከሬን አልመጣም፤ ድንኳን ተጥሎ በፎቶው ተለቀሰ። አገር ሲያለቅስ ሊድያ ሻይ ስታድል፣ ወንበር ስታነሳ ዋለች፤ አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣትም። ከዚያም ወዲህ የአባቷን ስም አንስታ አታውቅም። ሰው «ጎበዝ ልጅ፣ ጠንካራ» ይላታል። እናቷ ግን ይህን ጥንካሬ ትፈራዋለች፤ አንድ ቀን ልጄ በቁሟ ትፈርስብኛለች እያለች ትባንናለች።

ስለዚህ ዓርብ ጠዋት የፊልሟ ልጅ አባቷን ስትቀብር እያየች ራሷ ስቅስቅ ብላ አለቀሰችና ወሰነች። ፊልሙ ይታያል፤ ቀብሩ ግን ይዘለላል። ሪሞቱ በእጇ ነው፣ ማን ያውቃል?

«እልፌ፣ ያ ሐሰን ያመጣው ነገር ለልጆቹ ይሆናል?» አለቻት ሰሚራ በበር ስታልፍ።

«አቦ ይሆናል! ምን ጥያቄ አለው?»

«ደም የለበትም?»

«ደምማ አለበት። ቀብርም ግን አለው።»

አይ እልፍነሽ! ያንኑ ቀብር ቆርጣ ልትጥለው እንደሆነ አፏ ሲናገር ጆሮዋ አልሰማም።

ቅዳሜ ቤቱ ጢም አለ። ገበሬው ተተኮሰበት፣ ወደቀ። እልፍነሽ ከኋላ ቆማ ሪሞቱን ተጫነች፤ ልጅቱ ፈረስ ላይ ሆና ብቅ አለች።

«እንዴ! ምን ሆነ?» አሉ ልጆቹ።

«ፍላሹ ነው፣ ተበላሽቷል፤ ዝም ብላችሁ እዩ!» ብላ ገሠጸቻቸው።

አዩ። የመጀመሪያው ሽፍታ ሲወድቅ ሳቁ። ሁለተኛው ሲወድቅ አፏጩ። ቀጥሎ ሐሰን የሟቹን አወዳደቅ አስመስሎ ከአግዳሚው ወንበር ዘጭ ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እልፍነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እሷ ፍላሹን ነቅላ የምትመልሰው ፊልም ማለት ይኸው ነው፤ አሁን ግን በገዛ እጇ ሠርታ አቀረበችው። እንዴት ያለሁ ጅል ነኝ! ብላ ተናደደች።

ሊድያ አልሳቀችም። ወደ ኋላ ዞረች።

«እማዬ፣ አባቷን ማን ቀበረው?»

«ፊልም እኮ ነው ልጄ፣ ተይው።»

«ቀብረውታል ወይስ እዚያው ጥለውት ሄዱ?»

እልፍነሽ ሌላ ውሸት መናገር አልቻለችም።

«ቀብራዋለች። ራሷ ናት የቀበረችው።»

«አሳዪኝ።»

ፊልም ይለፍ አይለፍ ለማለት ዐይኗን የማታሽ ሴት አሁን አመነታች። እንቢ ልትል አፏን ከፈተች፤ የልጇን ዐይን አየችና ፊልሙን ወደ ቀብሩ መለሰችው። በስክሪኑ ላይ ልጅቱ አፈሩን በእጇ ትምሳለች። ያ ሲለፈልፍ የዋለው ተርጓሚ እንኳ እዚህ ላይ ዝም ብሏል። መጀመሪያ የሊድያ ትከሻ ተነቃነቀ። ከዚያ «አባዬ!» የሚል ድምፅ ወጣት፤ እናቷ ሰምታው የማታውቀው ድምፅ ነው። እልፍነሽ ወንበሩን ሁሉ እየገፋች ደርሳ ሪሞቱን ልትጫን ስትል ሊድያ እጇን ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት።

«እንዳታቆሚው እማዬ! እንዳታቆሚው!»

እናትም ሪሞቱን ጥላ ልጇን አቀፈቻት። የሚስቅ ጠፋ። ሐሰን ከመሬት ተነሥቶ ልብሱን አራገፈና መጥቶ ከጎናቸው ቁጭ አለ፤ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጠው። ስክሪኑን እያየ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«አላህ ይርሀመው» አለ።

«አሜን» አለች ሊድያ እያለቀሰች። «ለአባዬም በልልኝ።»

ሐሰን ለገሠን በስሙ ጠርቶ ደገመው። ቤት ሙሉ ልጅ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ አሜን አለ።