ጥድ አፋፍ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

አፈወርቅ መሐል ሜዳ ውስጥ የአንድ ጤና ፕሮጀክት ሹፌር ነው። ሃያ ዓመት መሪ ሲጨብጥ ስሙ በክፉ ተነሥቶ አያውቅም። በዚያ ሚያዝያ ግን እህል አልበላ፣ እንቅልፍም አልወስድ አለው።

በወሩ መጀመሪያ፣ ለወራት ሳይሄድባት ወደቆየችው ወደ ሞላሌ ከተማ ደርሶ ሲመለስ፣ የመኪናው ስክሪን የሚያሳየው ርቀት ከሚያውቀው አንሶ አገኘው። በማግስቱ ቢሞክረውም ያው ነው። ወደ መካኒኩ ወደ አትናቴዎስ ወሰደው። አትናቴዎስ መመርመሪያውን ሰክቶ፣ ሴንሰሩንም ገመዱንም አየና፣

"ምንም የለበትም። ቆይ፣ ጎማ ቀይረሃል እንዴ?" አለው።

"በጥር። ድንጋዩ ሲያስቸግረኝ ትልልቁን አስገጠምሁ።"

"ስኮርታውስ፣ ትርፍ ጎማው?"

"እሱ የድሮው ነው።"

ሁለቱን በሜትር ለኳቸው። አዲሱ ጎማ አንዴ ሲዞር ሁለት ሜትር ከአርባ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይሄዳል፤ የድሮው ሁለት ሜትር ከሃያ።

"መኪናው የሚቆጥረው ዙር ነው፤ ዙሩን ደግሞ አሁንም በድሮው ጎማ ልክ ያሰላዋል። አሥር ኪሎ ሜትር ነድተህ ዘጠኝ ነው የሚልህ" አለና አትናቴዎስ ሳቀ።

አፈወርቅ አልሳቀም። በየካቲት ጤና ኬላ የሚሠራላቸው መንደሮች ሲመረጡ፣ ርቀቱን በዚህ መኪና የለካው እሱ ነው። ከጤና ጣቢያ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ብቻ ይመረጥ ስለተባለ፣ ዘጠኝ ነጥብ አራት የመጣው ጥድ አፋፍ ተሰርዟል። የመንደሩ ሽማግሌ አባ ወልደ አማኑኤል ያን ዕለት፣ "ልጄ፣ በቃሬዛ የምንመላለስበትን መንገድ እኛ እናውቀዋለን፤ ደግመህ ለካው" ብለውት ነበር። "አባቴ፣ ማሽን አይዋሽም" አላቸው። አሁን ሲያሰላው ከአሥር ኪሎ ሜትር ሦስት መቶ ሜትር አልፏል።

ዝም ቢል ጠያቂ አልነበረውም። ሦስት ቀን ሲብሰለሰል ሰንብቶ ለአስተባባሪዋ ለሰርካለም ነገራት።

"ጋሽ አፈወርቅ፣ ግንባታው ሌላ መንደር ተጀምሯል እኮ! መሠረቱ ተቆፍሯል።"

"አውቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው ብለሽ ጻፊ፤ እፈርማለሁ።"

ጻፈች። መልሱ ከወር በኋላ መጣ፤ ዘንድሮ አይቻልም፣ ለከርሞ ይታያል የሚል ነው።

አፈወርቅ ጥድ አፋፍ ወጥቶ ለሽማግሌው ራሱ ተናገረ። አባ ወልደ አማኑኤል በዱላቸው ተደግፈው እስኪጨርስ ሰሙት።

"ባለፈው ሳምንት ምራቴን በዚያ መንገድ ተሸክመን አወረድናት" አሉ። "እሷ ተርፋለች። ሕፃኑ አልተረፈም። በአንተ ነው አልልህም፤ እሱን እግዜር ያውቃል። 'አይዋሽም' ያልኸኝን ግን አልረሳሁትም።"

አፈወርቅ ስልክ ቁጥሩን ጽፎ ሰጣቸውና ወረደ።

በዚያ ክረምት በሽተኛ ሲገጥማቸው ሁለት ጊዜ ደወሉለት። ሁለቱንም ጊዜ ሳያስፈቅድ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ፤ ከሁለተኛው ጉዞ በኋላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣበት። አንብቦ ፈረመና ኪሱ ከተተው። ጥድ አፋፍ እስከ ዛሬ ጤና ኬላ የለውም።