በውሃ የሚለቅ ቀይ

የብረቱ በር ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ወይም መስኮቱን አልነበረም፤ በዚያው ጠዋት ነጠላ ጫማቸውን የወረወሩብኝን ሴትዮ ነበር። ጥግ ላይ፣ ፍራሽ ላይ እግራቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። አንድ እግራቸው ባዶ ነው። ጫማው ፉሪ፣ አክስቴ በር ላይ ቀርቷል።

«እሷንም እዚሁ አመጣችኋት?» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለተዘጋው በር። «ሌላ ክፍል የላችሁም?»

አልነበራቸውም። የፖሊስ ጣቢያው የሴቶች ማረፊያ አንዲት ክፍል ብቻ ናት። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ የነበረ። በረኪናና ላብ ይሸታል። ከጣሪያው ሥር ካለችው ጠባብ መስኮት «ጀሞ! ጀሞ! አንድ ሰው!» የሚል የረዳት ጩኸት ይገባል። ዕድሜ ልኬን በታክሲ የተመላለስኩበት መንገድ ከግድግዳው ማዶ ነበር። ስንቴ አልፌ ይህችን መስኮት አንድም ቀን ልብ ብያት አላውቅም።

ፊልም ሠሪ ነኝ። ፕሮዲዩሰር የለኝም፣ ስፖንሰር የለኝም፤ ያለኝ የተዋስኩት ካሜራና ብዙ ዘመድ ነው። በእኛ ሙያ ዘመድ ማለት ስቱዲዮ ማለት ነው። ያን ጊዜ የምንሠራው ፊልም የሚጀምረው አንዲት እናት ጠዋት ስትነሳ በሯ ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት ስታገኝ ነው። ከተማችን ውስጥ ያ ምልክት አስተርጓሚ አይፈልግም፤ ቤቱ ይፈርሳል ማለት ነው።

ምልክቱን የምንቀባው አክስቴ በር ላይ ነበር። አክስቴ «በሬን በቀለም ብታበላሹ እናንተን አያድርገኝ» ስላለች ቀይ ስር ቀቅለን ፈጭተን ከዱቄት ጋር አቦካነው። ካሜራ ላይ ሲታይ ቁርጥ ቀለም ነው፤ ውሃ ሲነካው ይለቃል። በዚህ ዘዴ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

የአክስቴን የግራና የቀኝ ጎረቤቶች አስፈቅደናል። ከመንገዱ ማዶ ላሉት ግን ምንም አልተናገርንም፤ ካሜራው ወደዚያ አይዞርም ነበርና። የፊልም ሰው በሽታው ይኼ ነው፤ በካሜራው ውስጥ የማይታየውን ሰው የለም ብሎ ያስባል።

እትዬ፣ ጥጉ ላይ የተቀመጡት ሴትዮ፣ ግን ነበሩ። በራቸውን ሲከፍቱ ቢጫ ሰደርያ የለበሰና ሄልሜት ያደረገ ሰው የጎረቤታቸውን በር በቀይ ሲቀባ አዩ። ኡኡታቸውን አቀለጡት። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። «ፊልም ነው! ፊልም ነው!» ብለን ብንጮህ ማን ይስማን። ተዋናያችን ሄልሜቱን ጥሎ ሮጠ፣ የእትዬ ነጠላ ጫማ እኔ ላይ አረፈ፣ ከዚያ ፖሊስ ደረሰ። በግርግሩ መሐል እትዬ የቀይ ስሩን ባልዲ አንስተው አንድ ወጣት ፖሊስ ጀርባ ላይ ገለበጡት። ልጁ ዞር ሲል ባልዲው መሬት ላይ፣ እትዬ ሰው መሐል ነበሩ።

ፖሊስ ሲጠይቅ ከሰፈሩ አየሁ ያለ አልተገኘም። እትዬን የያዟቸው ከሁሉ አብልጠው ስለጮኹ ብቻ ነው። እኔን ደግሞ ያለ ፈቃድ ቀርጸሽ ሕዝብ አነሳስተሻል ብለው።

ካሜራው ግን ሁሉንም አይቷል። እኔም አውቄያለሁ። ጥፍር የምታክለውን የካሜራውን ሚሞሪ ግርግሩ ሳያበቃ አውጥቼ ሹሩባዬ ውስጥ ወሽቄያታለሁ። የቆየ ልማዴ ነው፤ ካሜራው የሰው ነው፣ የተቀረጸው ግን የእኔ ነው።

መርማሪው ከሰዓት በኋላ አስጠራኝ። ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ የፖሊሱ ሸሚዝ በፌስታል ተቀምጧል።

«ማን ነው የላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«ከጀርባሽ ማን አለ?»

«ከጀርባዬ የነበረው ካሜራማኑ ብቻ ነው።»

አልሳቀም። እኔም ላስቀው ብዬ አልነበረም፤ ስፈራ አፌ ይፈታል።

«ሚሞሪውን አምጪው» አለ ረጋ ብሎ። «ይህን ያደረገው ማን እንደሆነ እንይ። አንቺም ካሜራሽም ዛሬውኑ ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ።»

«ያደረገው ሰውስ?»

«ፖሊስን ሥራው ላይ ያጠቃ ሰው ምን ይሆናል? ይከሰሳል፤ ይታሰራል።» ወረቀቱን ሰበሰበ። «ሂጂና አስቢበት።»

የማስብበት ክፍል ውስጥ እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ተነስተው ጮክ ብለው ጸለዩ፤ «ጌታ ሆይ፣ ቤቴን ጠብቅ» ሲሉ ካቦዋ እያማተበች አሜን አለች። ካቦ የምንላት የክፍሉን ሥርዓት የምትይዘውን እስረኛ ነው፤ የኛዋ ጎፋ ልብስ የምትሸጥ ቀጭን ሴት ነበረች፤ ስታዝ ግን ጄኔራል ናት። ምሳ ሰዓት ላይ የአክስቴ ስንቅ ገባ። እትዬ ድርሻቸውን ይዘው ወደ ጥጋቸው ሊመለሱ ሲሉ ካቦዋ መንገድ ዘጋችባቸው።

«እዚህ ቤት ለየብቻ አይበላም፣ እትዬ። ውጭ ተጣሉ፤ እዚህ አንድ ሳህን ነው።»

እያጉረመረሙ ተቀመጡ። ካቦዋ ክዳኑን ከፈተች። አክስቴ ምግብ መጣል አትወድም፤ ከሽሮው ጎን የተረፈውን ቀይ ስር ከድንች ጋር ሠርታ ልካዋለች። አይቼው ሳቄ መጣ፤ ልይዘውም አልቻልኩም።

«ምን ያስቅሻል?» አሉ እትዬ። ከያዙን ጀምሮ ለእኔ የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል ነበር።

«በሩ ላይ የነበረው ይኼ ነው፣ እትዬ።»

«የቱ?»

«ቀይ ስሩ። ቀለም አይደለም። ቀይ ስርና ዱቄት ነው።»

ሳህኑን አዩ። ከዚያ ጥፍራቸውን አዩ፤ ጠርዙ ላይ አሁንም ቀይ አለ። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት።

«በቀይ ስር ነው ያን ያህል ያስጮኸሽኝ?» አሉ። «አይ አንቺ! ልቤን እኮ ነው ያፈረስሽው!»

ካቦዋ ትን እስኪላት ሳቀች። እትዬ አልሳቁም፤ ግን አንድ ጉርሻ ጠቅልለው አፌ ውስጥ ከተቱ፣ ትንሽ ጠንከር አድርገው። ተቀበልኩ።

ከምሳ በኋላ ፕሮግራም አለ። አዲስ ገቢ ጉዳዩን ይናገራል፤ ከቻለ ይዘፍናል፣ ካልቻለ ተረት ያወራል። እኔ ፊልሜን ነገርኳቸው። እናትየዋ ምልክቱን ስታይ፣ መጥረጊያ አምጥታ ልታጥበው ስትሞክር፣ አልለቅ ሲላት። እትዬ ጉልበታቸውን አቅፈው ይሰማሉ።

«መጨረሻ ላይ ቤቱ ይፈርሳል?»

«ይፈርሳል።»

«እንዴት አድርጋችሁ ነው የምታፈርሱት? የማንን ቤት?»

«ቤት የምናፈርስበት አቅም የለንም፣ እትዬ። የዶዘሩን ድምፅ ብቻ እናሰማለን። የምናሳየው የእናትየዋን ፊት ነው።»

አገጫቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «ይበቃል» አሉ በመጨረሻ። «ፊቷ ይበቃል።»

ስለ ሥራዬ ብዙ ሰው ብዙ ብሎኛል። እንደዚያ ያስደሰተኝ የለም።

ከዚያ በኋላ እጃቸው ሥራ ፈለገ መሰለኝ፣ «ነይ እስቲ ቁጭ በይ፤ ይኼ ፀጉር ነው የወፍ ጎጆ?» ብለው ከፊታቸው አስቀመጡኝ። ሻሼን ፈቱት። እምቢ ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም። ጣታቸው ማጅራቴ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይኼ ምንድነው?»

«የካሜራው ሚሞሪ ነው።»

ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔ አለሁበት?»

«አሉበት። ከነባልዲው።»

ካቦዋ ሰምታ ተጠጋች። «ስበሩት፣ እትዬ! አሁኑኑ ስበሩት!»

እትዬ ሚሞሪዋን መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩዋት። «ለምን አልሰጠሻቸውም? ትወጪ ነበር እኮ።»

«ሳላስፈቅድዎት ነው የቀረጽኩዎት» አልኩ። «ሳላስፈቅድ የወሰድኩትን የሰው ፊት ለሌላ አሳልፌ አልሰጥም። አሁን ልጠይቅዎት። ይሰበር ካሉ ይሰብሩት።»

አፌ እንዲህ ይበል እንጂ እንዲሰብሩት አልፈልግም ነበር። የፊልሙ መጀመሪያ በሙሉ እዚያች ጥፍር በምታክል ሚሞሪ ላይ ነው፤ ደግመን የምንቀርጽበት አቅም የለንም። የእትዬ ኡኡታ ደግሞ የትም የማይገኝ ነበር፤ የትኛዋም ተዋናይ እንደዚያ አትጮህም። ይህን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም። ቢያዝኑልኝ ውሳኔው የእሳቸው አይሆንም ነበር።

እትዬ ሚሞሪዋን መዳፋቸው ላይ አገላበጧት።

«ያንን ቤት ከባሌ ጋር ጭቃውን በእግሬ ረግጬ ነው የሠራሁት» አሉ። «እሱ ሲሞት ጣሪያው ገና አላለቀም ነበር። ለቤቴ መጮኼ ያሳፍራል?»

«አያሳፍርም።»

«እንግዲያው ለምን ይሰበራል? ግን ለእነሱ አይደለም። መጀመሪያ እኔ አየዋለሁ። ደስ ካለኝ ሌላው ያየዋል።»

ሚሞሪዋን ወደነበረችበት መልሰው ፀጉሬን ይሠሩ ጀመር። ዓይኔ እስኪሳብ ጎተቱት። «ዝም በይ» ይሉኛል ስቁነጠነጥ፤ «ልጄን ለሠርጓ እንኳ እንዲህ አላጠበቅኩላትም።»

በሚቀጥለው ቀን መርማሪው እንደገና አስጠራኝ። ሸሚዙ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ቀዩ ደርቆ ይፈረፈራል።

«አሰብሽ?»

«አስቤያለሁ። የሰው ፊት አለበት። ባለቤቱን ሳላስፈቅድ አልሰጥም።»

«እኔም የምፈልገው ባለቤቱን ነው» አለ።

አንዲት ሴት ፖሊስ ጠርቶ አስፈተሸኝ። ኪሴን፣ ጫማዬን፣ የልብሴን ጠርዝ አየች። ሻሼን አወለቀች፤ ጣቷ በሹሩባው መስመር ላይ ቀስ ብሎ ሄደ።

«ማን ሠራሽ?» አለችኝ።

«አብረውኝ የታሰሩት እናት።»

«እጃቸው ጥሩ ነው» አለች። ከዚያ ወደ መርማሪው ዞራ፣ «ምንም የለም።»

ያኔ ድፍረቴ ተመለሰ። «ሸሚዙ የተበላሸው በቀለም ከመሰልዎት» አልኩት፣ «ጣትዎን አርሰው ይንኩት።»

ፊት ለፊቱ ካለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ጥቂት ውሃ ጣቱ ላይ ጠብ አደረገና ሸሚዙን ነካው። ጣቱ ቀላ። አሸተተው።

«ቀይ ስር?»

«እና ዱቄት። ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሸሚዙን ይስጡኝና አጥባለሁ።»

ከንፈሩን ነክሶ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሳቁን ይሁን ንዴቱን የደበቀው አላውቅም። «ወደ ክፍልሽ ሂጂ» አለ።

ሸሚዙን አልሰጠኝም። ግን ጥቂት ቀናት ቆይቶ ሁለታችንንም በመታወቂያ ዋስ ለቀቁን። ምስክር አልተገኘም፤ ፊልሙ አልተገኘም፤ ልብሱም ታጥቦ ጸድቷል። ካቦዋ በር ላይ እኔን አቅፋ፣ ለእትዬ የራሷን ነጠላ ጫማ ሰጠቻቸው። «ይህን ደግሞ ሰው ላይ እንዳይወረውሩት» አለቻቸው።

ፉሪ ድረስ በታክሲ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሄድን። በጋ ነበርና ዝናብ አልጣለም፤ አክስቴም «ማስረጃ ነው» ስለተባለች አልነካችውም። ኤክሱ በሩ ላይ እንዳለ ነው። ሰው በየበሩ ቆሞ ያየናል። እትዬ ወደ ግቢያቸው ገብተው አንድ ሳፋ ውሃና ጨርቅ ይዘው ወጡ። ከፊቴ አስቀመጡት።

«በይ» አሉ።

ተንበርክኬ አጠብኩት። ቀዩ በበሩ ላይ እየወረደ ወደ ቦዩ ሄደ፤ ከሥሩ የአክስቴ ሰማያዊ ቀለም ወጣ። «ለካ ይለቃል!» አለ አንድ ሰው ከኋላዬ። እትዬ ሌላ ጨርቅ አምጥተው አጠገቤ ቆሙ፤ እሳቸው የላይኛውን፣ እኔ የታችኛውን ጨረስን። ሰፈሩ ቆሞ አየ፤ ያን ቀን ማንም አልቀረጸንም።

ፊልሙ አልቋል። እንደ ቃሌ መጀመሪያ ያዩት እትዬ ናቸው፣ ሳሎናቸው ውስጥ፣ በእኔ ላፕቶፕ። «ድምፄ እንዲህ ቀጭን ነው እንዴ?» አሉ፤ ባልዲው ላይ ሲደርስ አፋቸውን ይዘው ሳቁ፤ መጨረሻው ላይ አለቀሱ፤ ከዚያ ፈቀዱ። «ባልዲውን ብቻ ቁረጪው» አሉኝ፣ ቆረጥኩት። ቤታቸው እስከ ዛሬ አለ።

እኔም አሁንም በተዋስኩት ካሜራ እሠራለሁ። አንድ ልማድ ግን ተጨምሮብኛል። በየሰፈሩ ስዞር ቀይ ምልክት ያለበት በር ካየሁ ጣቴን በምራቄ አርሼ እነካዋለሁ። ሰው ቢያየኝ እብድ ናት ይል ይሆናል።

እስካሁን የለቀቀልኝ የለም። ስለዚህ በሩን አንኳኳለሁ። አስፈቅዳለሁ። ከዚያ ከመንገዱ ማዶ ያለውንም አንኳኳለሁ።