ወደ ዛንዚባር፣ በእትዬ ዘውዴ ሳሎን በኩል

እሁድ፣ ከጠዋቱ 12፡30፤ ለቡ መብራት ኃይል

ፀሐይ ሳትወጣ ተነስተናል። መዳረሻችን ዛንዚባር ነው፤ ለዛሬ ግን የምንዘልቀው እስከ ነፋስ ስልክ ብቻ ነው። መኪናዋ የቤቴል ቪትዝ ናት፤ ከኋላ ወንበሯ ግማሹ በላስቲክ ነጠላ ጫማ ተሞልቷል። ቤቴል የሆሳዕና ልጅ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ የጉዟችንም ሊቀመንበር ናት። የቴሌግራም ግሩፓችንን «ባሕር ዳር አይደለም» ብላ የሰየመችው እሷ ናት፤ ባሕር ልንሄድ ነው ያልነው ሰው ሁሉ «ጣናን ሰላም በሉልን» እያለ ስላስቸገረን።

ግሩፑ ውስጥ ሦስት ነን፤ ቤቴል፣ እኔ ዳዊት እና ጽዮን። ስምንት ወር ሙሉ ስናቅድ ከረምን። ከሦስታችን መዋኘት የሚችል አንድም ሰው እንደሌለ ያወቅነው ሆቴሉን ከመረጥን በኋላ ነው። እሱም ብዙ አላስጨነቀንም። ያስጨነቀን የጽዮን እናት ናቸው።

ጽዮን ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ አራት ሰው ታዛለች፤ እናቷን እትዬ ዘውዴን ግን «ባሕር ልሄድ ነው» ለማለት አልደፈረችም። አባቷ ካረፉ ወዲህ እናትና ልጅ ብቻ ናቸው፤ አንድም ሌሊት ተለያይተው አያውቁም። «እኔ አልጠይቃትም፤ እናንተ ካስፈቀዳችሁኝ እሄዳለሁ» አለችን። የትኬቱ ቅናሽ ደግሞ ዛሬ ማታ 12 ሰዓት ላይ ያበቃል።

ከአንባቢ መደበቅ ስለማልፈልግ ልናገረው። ጽዮንን እወዳታለሁ። አራት ዓመት ሆነኝ፤ ለማንም አልተነፈስኩም፣ ለራሷም ጭምር። ካፌ ስንገባ ጫጫታ ነው፣ ታክሲ ስንገባ የሰው ክርን ጎኔ ውስጥ ነው፤ እንዲህ እያልኩ አራቱን ዓመት ጨረስኩት። ባሕሩ ዳር እነግራታለሁ ብዬ ወስኛለሁ። እሷ ከቀረች ዛንዚባር ለእኔ ምን ያደርግልኛል?

1፡40፤ ላፍቶ

ሽማግሌ እንላክ ያልኩት እኔ ነኝ። ለትዳር ሽማግሌ ከተላከ ለአንድ ሳምንት እረፍት የማይላክበት ምን ምክንያት አለ?

አጎቴ ጋሽ ሽፈራው የእድር ዳኛ ናቸው፤ በሳቸው ሽምግልና የተዳረውን የላፍቶ ልጅ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። ጓደኛቸው ጋሽ ግርማ ደግሞ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። አሰብ ይመላለሱ ስለነበር ከመሃላችን ባሕር በዓይናቸው ያዩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሦስተኛው ሽማግሌ ወገባቸውን ይዟቸው ቀሩ። ሁለት ሆኖ መሄድ ደግሞ ወጉ አይደለም።

«ዳዊትን ጋቢ አልብሱት» አሉ ጋሽ ግርማ።

«ጋሼ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ እኮ ነው።»

«አቀርቅር፣ አታውራ፣ አልፎ አልፎ ራስህን ነቅንቅ። እኛም ከዚህ የበለጠ አንሠራም።»

2፡30፤ ነፋስ ስልክ

እትዬ ዘውዴ ከቤተክርስቲያን መመለሳቸው ነው። ጽዮን ሆን ብላ እዚያው ቀርታለች። ሦስታችንም ሳሎኑ መሃል ቆምን፤ ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ ሳይባል አይቀመጥም።

ጋሽ ሽፈራውን መኪና ውስጥ ሦስት ጊዜ አለማምደናቸው ነበር። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን የሠላሳ ዓመት ልምዳቸው አሸነፋቸው። ምላሳቸው በለመደው መንገድ ነጎደ፤ ስለ መልካም ቤተሰብ ተናገሩ፣ ስለ ጨዋ አስተዳደግ ተናገሩ፣ ከዚያ ሳይቆሙ «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው የመጣነው» ብለው ቁጭ አደረጉት።

ጋሽ ግርማ በክርናቸው ጎሸሟቸው። ጊዜው አልፏል።

እትዬ ዘውዴ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ልጁ ማነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«እሱን... ስንመለስ እንነግርዎታለን» አሉ አጎቴ፣ ላብ ላብ ብሏቸው።

«እንግዲህ እኛም እንመካከርበት። በሁለት ሳምንት ተመለሱ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ዳዊትዬ፣ አንተም ሸመገልክልን? ተባረክ።»

መኪናው ውስጥ ቤቴል ሞተሩን ሳታስነሳ ሁላችንንም በመስታወቱ አየችን። «ትኬት ልቁረጥ ወይስ የሠርግ ካርድ ላሳትም?» አለች። ጋሽ ሽፈራው «አፌ ነው» አሉ።

4፡30፤ ላፍቶ፣ ጭማቂ ቤት

ጽዮንን ከቤተክርስቲያን ይዘናት መጣን። ማንጎና አቮካዶ ስፕሪስ አዘዝን፤ በትልቁ ብርጭቆ፣ ሎሚ ተጨምቆበት። የባሕር ሽታ ያለው ነገር እስካሁን አላጋጠመንም።

«እማዬ ደውላልኝ ነበር» አለች ጽዮን። «ሽማግሌ የላከብሽ ማነው አለችኝ። እኔም ማነው እያልኩ ነው።» ተራ በተራ አየችን። ጋሽ ግርማ ስፕሪሳቸውን አማሰሉ፤ እንደማይማሰል እያወቁ። እኔ በመስኮቱ የሲሚንቶ መኪና ስመለከት ቆየሁ።

«ስልኩ ላይ ስትስቅ ነበር» አለች። ድምጿ ወረደ። «አባዬ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስቃ አላውቅም። አሁን ነገሩ ባሕር ነው ብሎ የሚነግራት ማነው?»

ጋሽ ሽፈራው ኮታቸውን ቆለፉ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዛሬውኑ ተመልሼ አቀናዋለሁ» አሉ።

6፡15፤ ነፋስ ስልክ፣ ሁለተኛ ጊዜ

እትዬ ዘውዴ ቀሚስ ቀይረዋል። ከጎረቤት ወንበር ተውሰው ሳሎኑን ሞልተውታል። ጋሽ ሽፈራው እውነቱን ነገሯቸው፤ ሳይደብቁ፣ ሳያሳምሩ።

«ባሕር» አሉ እትዬ ዘውዴ።

ጋቢዬን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ሽማግሌ ሰብስባችሁ፣ ጋቢ ለብሳችሁ፣ ለውሃ ነው የመጣችሁት?»

አፈርኩ። የእውነት አፈርኩ። ሙግት ቢገጥሙን እንኳ ይሻል ነበር። እሳቸው ግን አንዱን ወንበር አንስተው ወደ ጎረቤት ሊመልሱት ወጡ። እኛም ተከትለናቸው ወጣን።

9፡00፤ እዚያው፣ ሦስተኛ ጊዜ

መኪናው ውስጥ ቤቴል በቃ ብላ ነበር። ጽዮንም «ተዉት፣ ሌላ ዓመት» ብላ ፊቷን አዞረች። እምቢ ያሉት ጋሽ ግርማ ናቸው። «ሽማግሌ አንዴ እምቢ ተብሎ የሚቀር ቢሆን እዚህ አገር ማን ይጋባ ነበር? አሁን እኔ ነኝ የምናገረው» አሉ።

እትዬ ዘውዴ በሩን ከፈቱልን። ጋሽ ግርማ ቆብ አውልቀው ይቅርታ ጠየቁ፤ ስለ ጠዋቱም፣ ስለ ከሰዓቱም። እትዬ ዘውዴ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ለመሆኑ ይሄ ባሕር የማን ወገን ነው?» አሉ።

ጋሽ ግርማ ወዲያው ገባቸው። «በህንድ በኩል ነው የሚወለደው። ቤተሰቡ ሰፊ ነው።»

«ጠባዩስ?»

«ሌሊት ሌሊት ይጮሃል እንጂ ገራም ነው። ዳር ዳሩን ከሄዱለት ሰው አይነካም።»

«ይጠጣል?»

«አልዋሽዎትም፣ ይጠጣል። ያገሩን ወንዝ ሁሉ የሚጨርሰው እሱ ነው።»

እትዬ ዘውዴ ሳይፈልጉ ሳቁ። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ «በሉ ተቀመጡ» አሉ። ሽማግሌ ተቀመጡ ከተባለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ጋሽ ሽፈራው ወንበሩ ላይ ሲወድቁ ተሰማ።

«ትሂድ» አሉ እትዬ ዘውዴ። «አባቷ ካረፉ ወዲህ አጠገቤ ያሰርኳት እኔው ነኝ፤ ይጠፋኛል እንዳይመስላችሁ። ብቻ ማታ ማታ ድምጿን ታሰማኝ።»

ስንወጣ እኔን በር ላይ እጄን ይዘው አስቀሩኝ።

«ጠዋት ‹ልጅዎን ለልጃችን› ሲባል እነዚያ ሁለቱ ክው አሉ። አንተ ግን ፊትህ በራ። አላየሁም ብለህ ነው?»

እንደተማርኩት አቀርቅሬ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ባሕሩ ዳር ወስደህ ልትነግራት ነው አይደል? እምቢ ብትልህ ሰባቱን ቀን ምን ሆናችሁ ልትከርሙ ነው? እዚሁ ንገራት፣ ልጄ።»

9፡50፤ ከበሩ ፊት ለፊት

ቤቴል ስልኳ ላይ አቀርቅራ ትኬት እየቆረጠች ነው። ጋሽ ሽፈራውና ጋሽ ግርማ ጥላ ስር ቆመው እግራቸውን ያሳርፋሉ። አንድ ወያላ በተከፈተ በር ተንጠልጥሎ «ለቡ፣ የሞላ ለቡ» እያለ አለፈ። ጽዮን መኪናው ላይ ተደግፋለች። አጠገቧ ቆሜ ነገርኳት፤ በአንድ ትንፋሽ፣ አራቱንም ዓመት። ቦታውም ጠባብ ነበር፣ ጫጫታም ነበረው።

ከመኪናው ቀና አለች።

«ይሄን ይዘህ ነው ሦስቴ እናቴ ቤት ገብተህ የወጣኸው?»

«እነዚያማ ለባሕሩ ነበሩ።»

ጽዮን ወደ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞረች። «ጋሼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና አንዴ ተመልሳችሁ ግቡ» አለቻቸው። እኔም ልከተላቸው ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«አንተ እዚሁ ከእኔ ጋር ትጠብቃለህ» አለች። «ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይገባም።»