ከቆዳ መጋዘኑ ጥግ የወጣው አፈር

ባለፈው ሳምንት ከማዘጋጃ ቤት የመጣ አንድ ወጣት መሐንዲስ በሬን አንኳኳ። ስሙን ነግሮኝ ነበር፤ ወዲያው ጠፋብኝ። በእጁ የያዘው ግን አልጠፋብኝም። ጠርዙ የተበላ፣ በታይፕ የተመታ ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት ነው፤ ግርጌው ላይ የእኔ ፊርማ አለ። ያኔ ፊርማዬ ረጅምና ባለ ጭራ ነበር። ዛሬ ስሜን ጽፌ መጨረስም ይታክተኛል።

«እማማ፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?» አለኝ። «የተበከለው አፈር ተጠርጎ ወደ ሌላ ስፍራ ተወስዷል ይላል። ወዴት ነው የተወሰደው? ከከተማው በላይ ባለው ጉብታ ላይ ለወጣቶች የሥራ ሼድ ልንሠራ ነው፤ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ እርስዎን ጠይቅ አሉኝ።»

በርጩማ ሰጠሁት። ቆሎም አቀረብኩለት። አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ ይህን ይጠይቀኛል እያልኩ ብዙ ዓመት ጠብቄያለሁ። በኋላ መጠበቁም ሰለቸኝና ተውኩት።

ደብረ ታቦር የመጣሁት በደርግ ጊዜ፣ ከእርሻ ኮሌጅ እንደወጣሁ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ቆላ ስለሆነ ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንቴ ድረስ ዘለቀ። የተከራየሁት ክፍል የእትዬ ብርቄ ነበር። እትዬ ብርቄ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ዳልቻ ከምትባል አንዲት ላም በቀር ይህ ነው የሚባል ሀብት የሌላቸው ሴት ናቸው። ጠዋት ጠዋት በሬን በእግራቸው ገፋ አድርገው፣ በአንድ እጃቸው እርጎ፣ በሌላው የተቀቀለ ድንች ይዘው ይገባሉ። «ብይ እንጂ፣ በዚህ ሰውነትሽ ነው አፈር የምትቆፍሪው?» ይሉኝ ነበር። ያን እርጎ የሚያህል ነገር ከዚያ ወዲህ ቀምሼ አላውቅም፤ ወይም ጥርሴም ምላሴም አርጅተው ይሆናል።

ሥራዬ ይህ ነበር። በከተማው ግርጌ፣ ከወንዙ አጠገብ፣ አንድ ነጋዴ ትቶት የሸሸ የቆዳ መጋዘን አለ። ቆርቆሮው ተነቅሎ ለመሰብሰቢያ አዳራሽ ሆኗል፤ የቀረው ግንብና ባዶ መሬት ነው። ቀበሌው መሬቱን ጎመንና ሽንኩርት እንዲያለሙበት ለችግረኛ ሴቶች ሊያከፋፍል አስቧል። ግን ምንም አይበቅልበትም። የእኔ ድርሻ የመሬቱን በሽታ ማወቅ፣ ማዳንና ለእርሻ ይሆናል ብሎ መፈረም ነው። ሊቀመንበሩ ለአብዮት በዓል ይደርሳል ብሎ ለበላዮቹ ቃል ገብቷል። ከድርሻው ተካፋዮች አንዷ እትዬ ብርቄ ነበሩ።

ግንቦት ነበር። መሬቱ ደርቆ ፊቱ ላይ ነጭ ቅርፊት አውጥቷል። በመሰርሰሪያዬ ጉድጓድ በጉድጓድ አደረግሁት፤ ቀለም የሚቀይረውን ወረቀቴን ነከርኩ፤ ከየቦታው አፈር ቋጥሬ ወደ አዲስ አበባ ላክሁ። መልሱ እስከ ዛሬ አልመጣም። በመጨረሻ ከነጩ ቅርፊት ቆንጥሬ ምላሴ ላይ አደረግሁ። ጨው! ቆዳ በጨው ታሽቶ ነው የሚደርቀው፤ የዓመታት ጨው መሬቱ ውስጥ ገብቷል። ጨው ደግሞ በውሃ ይታጠባል። ቦይ እንቀድዳለን፣ የክረምቱ ዝናብ ያጥበዋል፣ ፍግ እንጨምርበታለን አልኩ። ደስታዬን አልደብቅም፤ ትምህርቴ በራልኝ።

«ጨው ብቻ ነው» አልኩት ሊቀመንበሩን። ማታ ራት ላይም ለእትዬ ብርቄ ይህንኑ ነገርኳቸው።

በዚያ አገር ጨዋማ አፈር የተገኘበት ቦታ ከብት ይነዳል። አሞሌ ጨው እንደ ልብ አይገኝም ነበርና ከብቱ አፈሩን ይልሳል፣ ጠጉሩ ያምራል፣ ወተቱ ይጨምራል። ወሬው በሁለት ቀን ከተማውን ሞላው። እትዬ ብርቄም ዳልቻን ነድተው ወረዱ።

እዚያ አንድ አስቸጋሪ ሽማግሌ ነበሩ፤ አያ ታፈረ ይባላሉ። የነጋዴው ቆዳ አድራቂ የነበሩ፣ አሁንም መጋዘኑ ጥግ በምትገኝ አንዲት ክፍል የሚኖሩ ሰው ናቸው። ከብት በመጣ ቁጥር ዱላቸውን ይዘው ይወጣሉ። በተለይ ወደ ታችኛው ጥግ የሚጠጋውን ፈጽሞ አያሳልፉም፤ ድንጋይ ሳይቀር ይወረውራሉ። «የጌታውን መሬት አሁንም ይጠብቃል» ይሉ ነበር ሰዎቹ። ሊቀመንበሩ በስብሰባ ላይ የአድኃሪ አሽከር ብሎ አዋረዳቸው። እኔም አልማርኳቸውም።

«አያ ታፈረ፣ መሬቱ እኮ የሕዝብ ነው። ምን አለበት ቢልሱ?» አልኳቸው።

አዩኝ። ዱላቸውን ጎትተው ክፍላቸው ገቡ። በዚያ ሳምንት ቀበሌው ዱላቸውን ቀማቸው።

ዳልቻ ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ በጀመረ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ጠዋት ለሃጯ ይዝረበረብ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ እግሯ ከዳት። እትዬ ብርቄ አንገቷን ታቅፈው ጭቃው ላይ ተቀምጠዋል። የሞተችው የእኔን ቃል አምነው ስለነዷት ነው፤ እሳቸው ግን አንዲት የወቀሳ ቃል አልተነፈሱም። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት በሬን በእግራቸው ገፉና ድንቹን ብቻ ይዘው ገቡ።

ድንቹን ሳልነካ ወደ መጋዘኑ ሮጥኩ። አያ ታፈረ ከግንቡ ሥር ቆመው እኔ ባስቀደድኳቸው ቦዮች የሚወርደውን ውሃ ያያሉ።

«ጨው ብቻ አይደለም፣ ልጄ» አሉኝ ሳይዞሩ። «ያ ጥግ የብል መድኃኒት የጠጣ ነው። ብል እንዳይበላው ቆዳውን እዚያ ነበር የምንነክረው። የተረፈውንም እዚያው እደፋ ነበር። የደፋሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ለማን ብዬ? በስብሰባ ተነስቼ መርዝ የደፋሁ እኔ ነኝ ልበል? አሻጥረኛ ተብዬ በማግስቱ ከየት ትፈልጉኛላችሁ? አባረርኩ እኮ! ያለኝ ዱላ ነበር፤ በዱላዬ አባረርኩ።»

ያን አፈር በምላሴ የቀመስኩት ትዝ አለኝ። መጀመሪያ ያደረግሁት ቦዮቹን መድፈን ነው፤ ውሃው ወደ ወንዝ ይወርድ ነበር። ከዚያ ስማቸውን እንዳላወጣ ማልኩላቸው።

ላም የገደለው አፈር ይውጣ ብዬ ከቀበሌው ቆፋሪዎች አስመደብኩና ሐምሌና ነሐሴን በዚያ ጥግ አሳለፍን። ዛሬ ሳስበው ትዝ የሚለኝ ድካሙ ነው። ጭቃው ጫማ ይነጥቃል፣ ዝናቡ ያቋርጠናል፣ አፋችንን በነጠላ አስረን እንቆፍራለን፤ ሲመሽ በአመድ ተፋትገን እንታጠባለን። አፈሩን የተሸከምነው በቃሬዛ፣ ሸራ አልብሰን ነው። መንገደኛው የታመመ ሰው የያዝን እየመሰለው ቆሞ «እግዜር ይማር» ይለን ነበር። አያ ታፈረ ከቆፋሪዎቹ አንዱ ሆነው ገቡ። ማንም ሳያውቅ የተስማማነው ምልክት ነበረን፤ መድኃኒቱ የደረሰበት ወሰን ሲያበቃ ዶማቸውን ያሳርፋሉ፤ እኔም «እዚህ ይበቃል» እላለሁ። እንደ አዋቂ ታየሁ። አፈሩ የሚቀበርበትንም የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ ከከተማው በላይ ያለውን፣ ምንጭ የማይወጣበትን፣ መረሬ የተባለው ውሃ የማያሳልፍ ጥቁር ሸክላ አፈር ያለበትን ጉብታ። ጉድጓዱን በመረሬ ጭቃ ለስነን፣ አፈሩን ከተን፣ እንደገና በመረሬ ረግጠን ድንጋይ ጫንንበት። ጉብታው የሌላ ቀበሌ ስለነበር ፈቃድ አልጠየቅንም። ሪፖርቱ ላይ «ሌላ ስፍራ» ብዬ ያለፍኩት በዚህ ነው።

በእትዬ ብርቄ መስኮት ላይ በሰባራ ማሰሮዎች ገብስ ዘርቼ ነበር። በላይኛው መሬት አፈር ላይ የበቀለው አረንጓዴ ሆነ። ከጥጉ፣ ከቆፈርነው በታች ባመጣሁት አፈር ላይ ግን ጫፉ ቢጫ ነበር። የላይኛው ይታረስ፣ ጥጉ በድንጋይ ታጥሮ ይቅር ብዬ ጻፍኩ።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዓይኑ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል።

«ሙሉውን ብዬ ነው ያስታወቅሁት፣ ጓድ። ሙሉውን ፈርሚ።»

«አልፈርምም።»

«መድኃኒት እንዳለበት ማን ነገረሽ? የነገረሽ ሰው አለ።»

«ላሟ ናት የነገረችኝ» አልኩት።

ሦስት ጊዜ ጠራኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ ይህንኑ ደገምኩ። ከበዓሉ በኋላ ጉና ሥር ወዳለ ጣቢያ ተዛወርኩ፤ ገብስና በግ፣ በቅሎና ጉም። ሁለት ክረምት እዚያ በብርድ ሳልኩ። ስመለስ አያ ታፈረ አርፈው ደረስኩ። እትዬ ብርቄ ከላይኛው መሬት ከደረሳቸው ድርሻ ጎመን ቆርጠው ሰጡኝ። ላም ግን ዳግመኛ አልገዙም።

የሽማግሌውን ስም ብቻ አስቀርቼ ለመሐንዲሱ ይህን ሁሉ ከነገርኩት በኋላ ከዘራዬን አንስቼ ጉብታውን አብረን ወጣን። ጉልበቴ አራት ቦታ አሳረፈኝ። ድንጋዮቹን ሣር ውጧቸዋል፤ ከጎናቸው የሼዱ ችካሎች ተተክለዋል። ችካሎቹን ራሱ ነቀላቸውና ደብተሩን አወጣ።

«ቦታውን የመረጠውን፣ መድኃኒቱን ያሳየውን ሰው ስም ልመዝግብ። አሁን ምንም የሚያስፈራ የለም አይደል?»

«የለም» አልኩት። «ታፈረ ብለህ ጻፍ።»

ይህን ስም ከዚህ ጉዳይ ጋር አገናኝቼ ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ወጣቱ ጻፈና ብዕሩን እንደያዘ ቀና አለ።

«የአባት ስም?»

ያን ሁሉ ክረምት አብሬያቸው ቆፍሬያለሁ፤ ስማቸውን ለማንም እንዳልናገር ስጠነቀቅ ሙሉውን ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ። ከብዙ ሰው ስደብቀው የኖርኩት ስም ግማሹ እኔም ጋር የለም።

«ክፍት ተወው» አልኩት፣ ድንጋዩ ላይ እየተቀመጥኩ። «ታፈረ ካልክ በኋላ ክፍት ተወው። የሚያውቅ ሰው እንዳለ አፈላልጋለሁ።»