ድንጋይ የተቀመጠበት ቦታ

ከሸዋ ሮቢት ወረድ ብሎ ወዳለች አንዲት የቆላ መንደር መሥሪያ ቤቴ ላከኝ። ተራራው ሥር ጠጠር መፍጫ ሊተከል ስለታሰበ፣ ነዋሪውን አወያይቼና ፈቃዱን አስፈርሜ መመለስ ነበረብኝ። ለማንም ያልነገርኩት ግን መንደሯ የተወለድኩባት መሆኗን ነው። አባቴ ሲሞት በሰባት ዓመቴ አክስቴ አዲስ አበባ ወሰደችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ረግጫት አላውቅም።

ነዋሪው በተሰበሰበበት ዛፍ ሥር ለእኔ የፕላስቲክ ወንበር ሰጡኝ፤ እነሱ ሰሌን ላይ ተቀመጡ። ዱዓ ሲደረግ እኔ ዓይን ዓይናቸውን አያለሁ። አንድ ሰው «የማን ልጅ ነህ?» ቢለኝ ምን ነበረበት! «ኢንጂነር፣ ውሃ ይጠጡ» ብቻ።

ማብራሪያዬን ጨርሼ ቅጹን ሳወጣ፣ የመንደሩ ሽማግሌ ሸህ ይመር «አንድ ሰው ይቀረናል» አሉ። ጠበቅን። ጥላው ከላዬ ዞሮ ፀሐዩ አናቴን ይጠብሰኝ ጀመር፤ የሚመጣ ሰው የለም። ሰሌኑ መሐል አንድ ድንጋይ ተቀምጦበት ማንም ያልተቀመጠበት ቦታ አለ።

ትዕግሥቴ አለቀ። «ሸህ ይመር፣ ይሄ ሁሉ ሰው እያለ አንድ ሰው ቢቀር ምን አለበት?»

«የአባቱ ቀብር እዚያ ተራራ ሥር ነው። ሳይጠየቅ አይነካም። በተሰበሰብን ቁጥር ቦታውን እንይዝለታለን።»

«ታዲያ የት ነው ያለው?»

ሸሁ ተነሥተው ድንጋዩን ወደ ጎን አደረጉት።

«አረማመድህ የአባትህ ነው፣ የሰይድ ልጅ። በል ከወንበሩ ውረድ። አንተንም እንጠይቅህ።»